ሞተር ተቀይሮ ማርሽ ሲያስቸግር፤ ካምቢዮ ከመፈታቱ በፊት

የዛሬው የሙያ ትምህርት ዝግጅታችን በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ መንገዶች ላይ ለሚያሽከረክሩ፣ መኪና ላላቸውና ጋራዥ ውስጥ ለሚሠሩ አድማጮች ሁሉ ነው። ያረጀ ሞተር ይወጣል፣ ሌላ ሞተር ይገባል። መኪናው ይነሳል፣ ድምፁ ያምራል፣ ዳገቱንም ከበፊቱ በተሻለ ይወጣል፤ ማርሹ ግን እንደ ድሮው አይታዘዝም። አንደኛው ይከብዳል፣ ሁለተኛው እየዘለለ ይወጣል፣ የኋላ ማርሽ ደግሞ ካልጮኸ አይገባም። ባለቤቱ ወደ ጋራዥ ሲመለስ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ቃል "ካምቢዮው አልቋል" የሚል ነው። ካምቢዮው ይወርዳል፣ ይፈታል፣ ብዙ ገንዘብ ይወጣል፤ ተመልሶ ሲገጠም ችግሩ ከነበረበት ንቅንቅ አይልም። እኔ ዛሬ የማስረዳው አንድ ነገር ነው። ሞተር ከመቀየሩ በፊት ደህና ይሠራ የነበረ ካምቢዮ ሞተር በተቀየረ ማግስት ካስቸገረ፣ ጥፋቱ በአብዛኛው ካምቢዮው ሆድ ውስጥ አይደለም። ጥፋቱ ያለው ሞተሩና ካምቢዮው በሚገናኙበት፣ እንዲሁም ካምቢዮውና የሹፌሩ እጅ በሚገናኙበት ቦታ ነው። እነዚህ ቦታዎች ደግሞ ካምቢዮ ሳይፈታ ሊፈተሹ ይችላሉ።

ሞተር መቀየር በእኛ ደጋ የበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ወደ 70 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ደግሞ የሚስበው አየር በሳሳ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ከሩብ በላይ ሊያጣም ይችላል። ስለዚህ ከጣርማ በር ተገንጥሎ በሞላሌ በኩል ወደ መሐል ሜዳ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ራቤል ጭነት የሚያመላልስ ሰው ጠንከር ያለ ሞተር ቢመኝ አይፈረድበትም። የገበያውም ነገር ይታወቃል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። መኪና መቀየር ሲያቅት ሞተር መቀየር ይቀራል። እዚህ ያሉት መኪኖች ገና ብዙ ዓመት መሥራት አለባቸው፤ የአቀያየሩ ሙያ አብሮ ማደግ ያለበትም ለዚህ ነው።

"ማርሹ ትንሽ ቢያስቸግር ምን አለበት፣ ዋናው መሄዱ ነው" የሚል አድማጭ ይኖራል። በሜዳ አገር ቢሆን ይህ አነጋገር ግማሽ እውነት ይኖረው ነበር። ከለሚ ተነስቶ ወደ ጀማ ወንዝ የሚወርደውን መንገድ ግን እናስብ። መንገዱ ዓለም ከተማ ከመድረሱ በፊት ወደ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርድና ከወንዙ ማዶ እንደገና ሽቅብ ይወጣል። በወዲያ በኩልም ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ጣርማ በር በደብረ ሲና አድርጎ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መንገድ አለ። ከነጭነቱ አምስት ቶን የሚመዝን መኪና አንድ ሺህ ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት በስሌት ወደ 49 ሚሊዮን ጁል ይጠጋል። ይህ ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ተለውጦ ውሃ ላይ ቢውል ከ140 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ሞተሩ በከባድ ማርሽ ይዞ ካላገዘ በስተቀር ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው በፍሬኑ ላይ ነው። የጋለ ፍሬን ደግሞ ፔዳሉ ቢረገጥም አይዝም። አይሱዙን በመሳሰሉ የጭነት መኪኖች ላይ ያለው፣ የጭስ ማውጫውን በመዝጋት መኪናውን የሚገታው ረዳት ፍሬንም የሚሠራው ማርሽ ውስጥ ከሆኑ ብቻ ነው። ማርሹ ቁልቁለት ላይ ዘሎ ከወጣ ሁለቱም እርዳታዎች በአንድ ቅጽበት ይጠፋሉ። መኪናው ፍጥነት ከያዘ በኋላ ከባዱን ማርሽ መልሶ ማስገባትም አይቻልም ማለት ይቀላል። ስለዚህ በእነዚህ አውራ ጎዳናዎች ላይ የማርሽ ጉዳይ የሕይወት ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ እንግባ። የማርሽ ዘንግ ከካምቢዮ ጋር የሚገናኝበት መንገድ በሁሉም መኪና አንድ ዓይነት አይደለም። በሒሉክስና በብዙ ላንድክሩዘሮች ዘንጉ የቆመው በቀጥታ ካምቢዮው ላይ ነው፤ ካምቢዮው ሲንቀሳቀስ ዘንጉም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ጋቢናው ሞተሩ ላይ በሚቀመጥ እንደ አይሱዙ ባለ መኪና ግን ዘንጉ ጋቢና ውስጥ፣ ካምቢዮው ሻንሲው ላይ ነው፤ የሚያገናኛቸው ካቦ ወይም ተያያዥ ዘንግ ነው። ሞተራቸው በአግድም የተኛ፣ የፊት ጎማቸው የሚነዳ እንደ ቪትዝ ያሉ ትናንሽ መኪኖችም በካቦ ነው የሚሠሩት። ይህ ልዩነት ለምርመራው ወሳኝ ነው። አዲሱ ሞተር በመጠኑም ቢሆን ረዘም ካለ ወይም መቀመጫው ከተቀየረ፣ ካምቢዮው ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ሊገፋ ይችላል። ባለ ካቦው መኪና ላይ ይህ የካቦውን ልክ ያበላሻል። ባለ ቀጥታ ዘንጉ መኪና ላይ ደግሞ ዘንጉ ከወለሉ ቀዳዳ መሃል ይወጣና ማርሽ ሲገባ የብረቱን ጠርዝ ይነካል። ጠርዙን የነካ ዘንግ እስከ መጨረሻው አይሄድም፤ ማርሹም በከፊል ብቻ ይገባል። በከፊል የገባ ማርሽ ጭነት ሲያገኝ ዘሎ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ጥፋት ለማግኘት የሚያስፈልገው የወለሉን ላስቲክ ገልጦ፣ ሰው እያንዳንዱን ማርሽ ሲያስገባ ዘንጉ የት እንደሚደርስ ማየት ብቻ ነው። ካምቢዮ አውርዶ ጥርስ ከመቁጠር በፊት ይህ አለመታየቱ ያሳዝናል።

የመጀመሪያው ምርመራ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ ወይም በእንጨት አስደግፉ፣ ሞተሩን አጥፉ። ከዚያ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ማርሾቹን በተራ አስገቡ። ሞተሩ ጠፍቶ ሁሉም በቀላሉ ከገባ፣ ሞተሩ ሲነሳ ግን ከከበደ ወይም ከጮኸ፣ ካቦውም ካምቢዮውም ነጻ ናቸው ለማለት ይቻላል፤ ጥፋቱ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አለመልቀቁ ነው። ሞተሩ ጠፍቶም ከከበደ ግን ወደ ካቦው፣ ወደ ተያያዥ ዘንጎቹ ወይም ወደ ካምቢዮው ውስጥ እንሄዳለን። የፍሪሲዮኑን ጥርጣሬ ለማጥራት አንድ ማረጋገጫ አለ። ሞተሩን በዝግታ እያሠራችሁ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ አሥር ሰከንድ ያህል ቆዩና የኋላ ማርሽ አስገቡ። በብዙ መኪኖች የኋላ ማርሽ ፍጥነት የሚያመሳስል የናስ ቀለበት የለውም። ፍሪሲዮኑ በትክክል ከለቀቀ በዚያ ጊዜ ውስጥ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ መሽከርከሩን ያቆማል፣ ማርሹም ያለ ጩኸት ይገባል። አሁንም ከጮኸ ዘንጉ እየዞረ ነው፤ የሚያዞረውም ሞተሩ ነው።

ፍሪሲዮን ከሞተር ቅያሪ በኋላ የማይለቅባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ግን ከመገጣጠም ጋር የተያያዙ ናቸው። ቀላሉ በፍሪሲዮኑ የዘይት ቱቦ ውስጥ አየር መግባት ነው። ቱቦው ሲፈታ አየር ይገባል፤ ፔዳሉ ተረግጦ ሲለቀቅ ለስላሳ ከሆነና ደጋግሞ ሲረገጥ ከጠነከረ አየሩን አስወጥቶ መጨረስ ነው። ዲስኩ ተገልብጦ ሊገጠምም ይችላል፤ አንደኛው ፊቱ ወፈር ያለ ስለሆነ ሲገለበጥ ቮላኖውን ይነካና አይላቀቅም። የአዲሱ ሞተር ቮላኖ ውፍረቱ ከአሮጌው ከተለየ ደግሞ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ የሚገፋበት ርቀት ይለወጣል፤ ፔዳሉ ወለል ቢደርስም ግፊቱ ልክ አይሆንም። ብዙ ጊዜ የሚረሳው በሞተሩ ክራንክ ጫፍ፣ በቮላኖው መሃል ላይ የሚቀመጠው ትንሽ ኩሽኔታ ነው። ሞተሩ ቀድሞ አውቶማቲክ ማርሽ ካለው መኪና የወጣ ከሆነ ይህ ኩሽኔታ ጨርሶ ላይኖር ይችላል፤ አውቶማቲኩ አይፈልገውምና። ኩሽኔታው ከሌለ ወይም ደርቆ ከያዘ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ፍሪሲዮን ቢረገጥም ከሞተሩ ጋር አብሮ ይዞራል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ሞተሩና ካምቢዮው ከተጋጠሙ በኋላ ግን እሱን ለማስገባት እንደገና ማላቀቅ ግድ ይሆናል። ስለዚህ ሞተሩ ገና መሬት ላይ ሳለ እጃችሁን ወደዚያ ቀዳዳ አስገብታችሁ ብትፈትሹ የሁለት ቀን ሥራ ታተርፋላችሁ።

ሞተሩ ጠፍቶም ማርሹ ከከበደ ካቦውን ከካምቢዮው በኩል ንቀሉና በካምቢዮው ላይ ያለውን ትንሽ ክንድ በእጃችሁ አንቀሳቅሱት። ክንዱ በየማርሹ እየተንኳኳ በቀላሉ ከተንቀሳቀሰ ካምቢዮው ጤነኛ ነው። የቀረው ካቦው ነው፤ ተጣጥፎ ይሆናል፣ የጭስ ማውጫው ነክቶ አቅልጦት ይሆናል፣ ወይም ልኩ ጠፍቷል። የልክ መጥፋት የሚታወቅበት ምልክት አለ፣ እሱን በደንብ ላስረዳ። በአብዛኞቹ ትናንሽ መኪኖች አንደኛ፣ ሦስተኛና አምስተኛ ማርሽ ዘንጉን ወደ ፊት በመግፋት ይገባሉ፤ ሁለተኛና አራተኛ ወደ ኋላ በመሳብ። በአንዳንድ የጭነት መኪኖች አቀማመጡ የተገላቢጦሽ ስለሆነ ማየት ያለብን ቁጥሩን ሳይሆን ወገኑን ነው። እየዘለሉ የሚወጡት ማርሾች ሁሉም በአንድ ወገን ያሉ ከሆኑ፣ ለምሳሌ ሁለተኛና አራተኛ ብቻ ከሆኑ፣ ሁለት የተለያዩ ጥርሶች በአንድ ሳምንት ውስጥ አብረው አለቁ ብሎ ማመን አይቻልም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ወደ ኋላ መሳባቸው ብቻ ነው፤ ካቦው በዚያ ወገን አጥሯል ማለት ነው። ችግሩ ማርሽ መምረጡ ላይ ከሆነ፣ አንደኛን ስትፈልጉ ሦስተኛ የሚገባ ወይም አምስተኛ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ፣ ጎን ለጎን የሚያንቀሳቅሰው ሁለተኛው ካቦ ነው የሚስተካከለው። ለማስተካከል ካምቢዮውን በእጅ ዜሮ ማርሽ ላይ ታደርጋላችሁ፣ ጋቢና ውስጥ ያለውን ዘንግም ልክ መሃል ላይ ታቆሙታላችሁ፤ ሁለቱ እንዲህ እንዳሉ የካቦውን ራስ ሳትጎትቱና ሳትገፉ ክንዱ ላይ አስገብታችሁ ዳዶውን ታጠብቃላችሁ። ጋቢናው ተገልብጦ ከሆነ የምትሠሩት መደገፊያው በትክክል መቆለፉን ሳታዩ ከሥሩ አትግቡ።

ማርሹ በየወገኑ ሳይለይ፣ ጋዝ ሲረገጥ ወይም ሲለቀቅ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ዓይናችንን ወደ ሱፖርቶቹ እናዙር። ሱፖርት የምንለው በሻንሲውና በሞተሩ፣ እንዲሁም በሻንሲውና በካምቢዮው መካከል ያለውን የጎማ መቀመጫ ነው። ለአዲሱ ሞተር ተብሎ በብየዳ የተሠራ መቀመጫ ወይም ከአሮጌው የተረፈ የተቀደደ ጎማ ካለ፣ ሞተሩ ጉልበት ሲያወጣ ወደ አንድ ጎን ይጋደማል፤ ካምቢዮው አብሮት ይሄዳል፣ ካቦው ግን ባለበት ይቀራል። ያን ጊዜ ማርሹን የሚያወጣው ራሱ የሞተሩ መጋደም ነው። ሰው ሞተሩን እያየ ሹፌሩ ፍሬን ይዞ በመጠኑ ፍሪሲዮን ሲለቅ ሞተሩ ከልኩ በላይ ከተነሳ ማስረጃው በዓይን ታየ። ከዚህ የባሰው ደግሞ የሞተሩንና የካምቢዮውን ፊት ለፊት መግጠም የሚጠብቁት ትናንሽ መምሪያ ፒኖች መጥፋት ነው። ቡሎኖቹ ሁለቱን ያጣብቃሉ እንጂ መሃላቸውን አያስተካክሉም፤ ያን የሚያደርጉት ፒኖቹ ናቸው። ፒን ሳይኖር የተጋጠመ ካምቢዮ መግቢያ ዘንጉ ከሞተሩ መሃል በጥቂቱ ይስታል። በመጀመሪያ ማርሽ ይዘላል፣ ቆይቶ የፊቱ ኩሽኔታ ይጮኻል፣ በመጨረሻ ካምቢዮው በእርግጥ ይሞታል። "ካምቢዮው አልቋል" የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው ያን ጊዜ ነው፤ ግን የገደለው አገጣጠሙ ነው፣ በቦታው ሌላ ካምቢዮ ቢገባም ዕጣው ያው ነው።

ስለ ዘይት ባጭሩ ልናገርና ልለፍ። በጓሳና በመሐል ሜዳ አካባቢ በበጋ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ካምቢዮው ውስጥ ወፍራም ባለ 140 ቁጥር ዘይት ካለ ጠዋት ማርሹ ቢደነድን፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላም ቢለሰልስ የሚያስደነግጥ ነገር የለም፤ አምራቹ ወዳዘዘው ቀጭን ዘይት መመለስ ነው። ለብዙ ካምቢዮዎች የሚታዘዘው ጂኤል-4 የሚባለው ደረጃ ነው። ለዲፈረንሻል የሚሆነው ጂኤል-5 የናሱን ቀለበቶች ሊጎዳ ስለሚችል የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ካልፈቀደ ካምቢዮ ውስጥ አይግባ።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ልመልሰው ይገባል። ልምድ ያላቸው መካኒኮች "አዲሱ ሞተር ጉልበቱ በዝቶ ካምቢዮውን ሰበረው" ይላሉ። ሐሳቡ መሠረት አለው። የቶዮታ 5ኤል ሞተር የሚያወጣው የመጠምዘዝ ኃይል ወደ 200 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ ቱርቦ ያለው 1ኬዜድ ደግሞ ከ280 ያላነሰ ያወጣል። ለአነስተኛው የተሠራ ካምቢዮ ከትልቁ ጋር ዕድሜው ማጠሩ አይቀርም። ነገር ግን የጉልበት ጉዳት ጊዜ ይፈልጋል፤ ምልክቱም ሌላ ነው። ጭነት ሲበዛ በአንድ በተወሰነ ማርሽ ላይ ይጮኻል፣ ዘይቱ ሲወጣ የብረት ፍቅፋቂ ይገኝበታል። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ማርሽ አልገባም ማለትን ግን ጉልበት አያመጣውም፤ የቆመ ሞተር ጉልበት የለውምና። በአንጻሩ 2ኤል በ3ኤል ወይም በ5ኤል ሲቀየር ሞተሮቹ የአንድ ቤተሰብ ስለሆኑ የማርሽ ችግር እምብዛም አይሰማም፤ ከሌላ ቤተሰብ የመጣ ሞተር ሲገባ ነው የሚበዛው። ልዩነቱ ያለው በአቀማመጥና በመገጣጠሚያ ፊት ላይ መሆኑን ይህም ያመለክታል።

"ሹፌሩ ይለምደዋል" የሚለውን ግን ፈጽሞ አልቀበለውም። ሹፌር በእርግጥ ይለምዳል፤ ዘንጉን በእጁ ይዞ ይወርዳል፣ በላስቲክም አስሮ የሚወርድ አይጠፋም። በግማሽ የገባ ማርሽ ግን ይዞ መቆየቱን በየቀኑ በጥርሱ ጫፍ ይከፍላል፤ ጫፉ ሲከብ እጅም ላስቲክም አይዘውም። ያ ቀን ደግሞ ተሳፋሪ በሞላበት ቅጥቅጥ ውስጥ ሊሆን ይችላል። "ጊዜና ገንዘብ የለም" ለሚሉም፣ እስካሁን ከዘረዘርኩት ውስጥ ካምቢዮ ሳይወርድ የሚደረገው ምርመራ በሙሉ ከመፍቻና ከግማሽ ቀን ሥራ አያልፍም። ካምቢዮ ማውረድ ግን ከዚያ የሚበልጥ ቀን ይወስዳል። ሹፌሮችም ለመካኒኩ ማርሹ መቼ፣ የትኛው፣ በዳገት ወይስ በቁልቁለት እንደሚያስቸግር በዝርዝር ንገሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ከጥገናው በኋላ መኪናው በቀጥታ ወደ ጀማ ቁልቁለት አይላክ። መጀመሪያ ያለ ጭነት፣ ሰው በሌለበት ረጋ ያለ ተዳፋት ላይ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ጋዝ እየረገጣችሁና እየለቀቃችሁ እጃችሁን ከዘንጉ አንስታችሁ ሞክሩት፤ እግራችሁ ግን ከፍሬኑ አይራቅ። ቀጥሎ በግማሽ ጭነት፣ ከዚያ በሙሉ ጭነት። የአዲሱ ሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ እንዲሰፍር በሚኬድበት ሰሞን፣ የዓመቱ ምርመራ ሳይደርስ፣ የሱፖርቶቹን ቡሎኖችና የካቦዎቹን ዳዶዎች እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ አዲስ ጎማና አዲስ ብየዳ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ይቀመጣልና። ያን ጊዜ ካቦው ልኩን ከቀየረ ከላይ እንዳልነው ከዜሮ ማርሽ ተነስታችሁ ድጋሚ አስተካክሉት።